የሸዋረጋ ተራ

ቀየት፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ብርዱ ጉልበቴን ይዞኝ ከማነከሴ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ በጎቹም አሉ። ልጄ የትምወርቅ ሰላም ብላሻለች። ለጥምቀት መጥተሽ በአንድ ጣሳ ጠላ ፊትሽ እንዴት እንደቀላ እያነሳች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ አገሩ በሙሉ ወደ ወረቀት ተመልሷል። ደብዳቤያችንን የምታመላልሰው አረጋሽ እንኳ ከበግ ጠጉር የምሸምነውን ባና ልትሸጥልኝ አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር፣ ከባናው የሰው ደብዳቤ ከበደኝ ትላለች።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። የሴቷን መልስ እኔ ልዝፈነው ላልሽኝ፣ አልፈቅድም። ሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ ስዘፍን በስልክሽ የቀዳሽውን ዘፈን እንደወደድሽ አድርጊው ብዬሻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። አንቺም ከተማ ወስደሽ በመሣሪያ አስጊጪው፣ ለሰው አሰሚው። ግን የሰጠሁሽ የወንዱን ተራ ነው። የሴቷ ተራ የእኔ አይደለም፣ የአንቺም አይደለም። የአያትሽ የሸዋረጋ ነው።

አያትሽ ያለ ቃል ስታንጎራጉረው ሰምተሽ፣ ዜማውን ተከትለሽ እስከ ደጄ መምጣትሽ ዛሬም ይገርመኛል። እንግዲህ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በእኛ ጊዜ ለጠጉር ፈተላ ሲሰበሰብ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ሆነን እየተቀባበልን እንዘፍን ነበር። አንዱ ግጥም ከሰጠ፣ የሚመልሰው የተሰጠው ሰው ነው። ሽማግሌዎች ዝምድናችንን ቆጥረው፣ ሰባት ቤት አልሞላችሁም፣ አትጋቡም ካሉን በኋላ ለሸዋረጋ የሰጠኋት ይህንን ነው፤

ሰባት ቤት ቆጠሩ ከጥድ ሥር ተቀምጠው፣
እህትህ ናት አሉኝ ለሌላ ሰው መርጠው።

እሷ ሳትመልስ በዚያው ሰሞን ለመርሐቤቴ ሰው ተዳረች፤ ገደሉን ተሻግራ ሄደች። እኔም የየትምወርቅን እናት አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። ተራው ግን እስከዛሬ የሷ ነው።

አንቺ ድምፅሽ ከእኛ ድምፅ ይበልጣል። ቢሆንም በሌላ ሰው ስም «እኔ» ብሎ መመለስ በእኛ አገር አይደረግም። ለምን አትበይኝ፤ ደግ ነገር ስላልሆነ በወረቀት አልጽፈውም። ይልቅ ስለ ሸዋረጋ ጻፊልኝ። ዘፈኑን አሰማሻት? ሰምታ ምን አለች? ምንም ካላለችም፣ ምንም አላለችም ብለሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ መኳንንት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አባባ መኳንንት፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አረጋሽ ሁለት ጊዜ ደርሳ ስትመለስ አጥታኛለች፤ እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ጊዜ እቤት ነበርኩ። ምን ብዬ እንደምጽፍልዎት ጨንቆኝ ነው።

አሰማሻት ወይ ላሉኝ፣ አዎ። የመርሐቤቴ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ዓለም ከተማ እማማ ዘንድ ወርጄ ነበር። እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ስልኬን ሰፌዱ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የሽመና መወርወሪያዎ ኳኳታ መጣ፣ ከዚያ የእርስዎ ድምፅ። እጃቸው ምስሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ሲያልቅ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጭናቸው ሳብ አድርገው «ይህ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

መልሱንስ ብዬ ብለምን፣ ባባብል፣ ግጥም እንደ ሽሮ በችኮላ አይንተከተክም ብለው ተቆጡኝ። አያቴን ያውቋቸዋል፤ ከተቆጡ ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው። በፋሲካ እመለሳለሁ፣ ያኔ ይሰጡኛል ብዬ ተሰናበትኳቸው። በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ስልኩም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። የደም ግፊት ኪኒናቸው እንደሚያልቅባቸው አውቃለሁ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዘፈኑን የሚያቀናብርልኝ አፈወርቅ፣ ጾሙ ሲፈታ ለፋሲካ መውጣት አለበት ብሎ ይወተውተኛል። እኔም ያለ መልስ የቀረ ዘፈን ስሰማው ያመኛል። የእርስዎ ድምፅ ይጠይቅና ዝም ይላል። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ስጽፍልዎት እንዳይቆጡኝ ከአሁኑ ጉልበትዎን ይዤ እለምናለሁ።

ለጉንፋኑ የሚሆን መድኃኒት በአረጋሽ ልኬያለሁ። እማማ ባይሉኝ ኖሮ እኔ አላስተውለውም ነበር።

ልጅዎ እስከዳር


ቀየት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እሷንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ይህን እንኳ ሳልጽፍልሽ ብዙ ቆየሁ፤ አልቀየምሽኝም ብዬ አስባለሁ። እኔ ግን ትንሽ ተቀይሜሻለሁ። ለመርዶ ሰው ይላካል እኮ ልጄ። አረጋሽን «ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው» ማለት አቅቶሽ ነው?

ፋሲካ አልፎ ሞላሌ ገበያ ባና ይዤ ሄጄ ነበር። አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ሾፌሮች ከከተማ በፍላሽ የሚያመጡትን ዘፈን በሚያሰማ ድምፅ ማጉያ የገዛ መወርወሪያዬ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ድምፄን። ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያየኝ አፈርኩ፤ እንዳልዋሽሽ ትንሽም ኮራሁ። እኔ ስጨርስ ደግሞ አንቺ መጣሽ፤

እኔ ሸዋረጋ ከገደል ማዶ ነኝ፣
ና ብዬ እንዳልጠራህ መንገዱ ሩቅ ሆነኝ።

ባናው ከትከሻዬ ወደቀ። ገበያው ውስጥ ያሉ የአገራችን ሴቶች ዕቃቸውን አስቀምጠው «ውይ ሸዋረጋ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። አንድም ሰው ሞታ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። በእኛ አገር በሌላ ሰው ስም «እኔ እገሊት» ብላ የምትናገር አልቃሽ ብቻ ናት፤ እሷም የምትናገረው ሬሳ ሲወጣ ነው፣ በሟች ፈንታ ሆና። የቁም ሰው አፍ እያለው ማን ይናገርለታል? በየካቲት በወረቀት አልጽፈውም ያልኩሽ ይህንን ነበር። አንቺም አገሩን ጠይቀሽ ወጉን ያወቅሽ መስሎኝ፣ ደግ አደረግሽ፣ አያትሽን በሚገባት አለቀስሽላት ብያለሁ።

ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ጎረቤት ንፍሮ እየያዘ ይመጣል። በምን በኩል ነው የምታለቅሰው ብለው ሽማግሌዎች ጠየቁኝ። ዘመዴ ናት አልኩ። ሰባት ቤት አልሞላችሁም፣ ዘመድህ ናት ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተና አባቶቻችሁ አይደላችሁም ወይ? አልኳቸው። ቄሱ ደግሞ በበዓለ ሃምሳ እንዲህ አይለቀስም ብለው ገሠጹኝ፤ እሳቸው ሲወጡ ቀጠልኩ።

የትምወርቅ ለመጣው ሰው ሁሉ ታስተናግዳለች፤ ከእኔ ጋር ግን አትነጋገርም። አንድ ቀን ብቻ «ለእናቴ እንዲህ አላለቀስክም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሽመናውን ትቼዋለሁ። ግማሽ የደረሰ ባና እንደተወጠረ ቆሟል። የቱ ቤተ ክርስቲያን እንደተቀበረች፣ ሕመሙ ጠንቶባት እንደሆነ ጻፊልኝ። ስትሞት ያለችው ነገር ካለ እሱንም። ለእኔ ባይሆንም ግድ የለኝም።

መኳንንት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ መኳንንት፤

እማማ አልሞቱም። ይህንን ጻፍኩ፤ ግን እንዴት አወቅሁ?

ዘፈኑን የዘፈንኩት ስለሞቱ አይደለም። ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አትችይም ብለውኝ ሳለ፣ የአዛውንት ግትርነት ነው፣ ሲሰሙት ይወዱታል ብዬ አስገባሁት። ስማቸውን ያነሳሁት እንኳ እውነት እንዲመስል ብዬ ነው። ወጉን አላውቅም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ፤ ቢያንስ እምቢ ሲሉኝ መስማት ነበረብኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ይሠራል? ግን ይቅርታ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ግን የባሰ ነገር መጣብኝ። እርስዎ «የቱ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱን መፈለግ ጀመርኩ። ከየካቲት ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ኪኒናቸው አልቋል። ከዓለም ከተማ የመጣ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ገበያ ሙሉ ሰው ካለቀሰላቸው በኋላ አሉ ብዬ በምን አፌ ልናገር? ሞትን በአፌ የጠራሁባቸው ይመስለኛል። አፈወርቅን ለምኜ ዘፈኑን ከኢንተርኔት አውርዶታል። ሰው በየስልኩ የያዘውን ግን ማን ይሰበስበዋል?

ነገ ማልዶ በዓለም ከተማ መንገድ እስከ ለሚ የሚሄድ መኪና አለ ብለውኛል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይታወቅም፤ በእግርም ቢሆን እሞክራለሁ። እባክዎን እህል ይቅመሱ። እስክጽፍልዎት አያልቅሱ፣ አይደሰቱ።

እስከዳር


ቀየት፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እስከዳር፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከለሚ ወዲያ በእግር ያልሽውን አልወደድኩትም፤ ግን አሁን ይህንን ስታነቢ መንገዱን ጨርሰሻል።

እስክጽፍልዎት አያልቅሱ ብለሽኝ ነበር፤ ከሐዘኑ ግን አልተነሳሁም። ለጎረቤትም አልተናገርኩም። ያላግጡብኛል ብዬ አይደለም። አልሞተችም ብዬ ተነስቼ፣ በኋላ እውነት ሆኖ ቢመጣ፣ ሁለተኛ የምቀመጥበት አቅም የለኝም። ሞታለች ብዬ ሳለቅስ እንኳ ሌሊቱ ይነጋልኝ ነበር። አላውቅም ካልሽኝ ወዲህ አይነጋም። ሰው ንፍሮ ይዞ ሲገባ እንደ ሌባ አቀረቅራለሁ።

አረጋሽን መንገዱ ተከፈተ ወይ፣ መንገዱ እንዴት ነው እያልኩ አሰልችቻታለሁ። ትናንት ስታየኝ ሳልጠይቃት «ዝግ ነው» አለችኝ።

ስትጽፊ ሰላምታውን ተይው። አለች ወይም የለችም ብቻ በይኝ።

መኳንንት


ዓለም ከተማ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሉ።

ሰላምታውን ተይው ስላሉኝ ተውኩት፤ ደብዳቤዎ መንገዱ ትናንት ሲከፈት በሾፌር እጅ ደርሶኛል። አሉ፤ ቀጥነዋል፣ ኪኒኑ አልቆባቸው ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ግን አሉ። ደጅ ላይ በርበሬ አስጥተው ዶሮ ሲያባርሩ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ፣ ማን ሞቶ ነው ብለው ደነገጡ። «እርስዎ» ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ሲመሽ ግን ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዘፈኑን፣ ገበያውን፣ በስማቸው የተመታውን ደረት። ስድብ ጠብቄ አቀርቅሬ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «እሱስ አለቀሰ?» የሚያዝያውን ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ለሽማግሌዎቹ «ዘመዴ ናት» ያሏቸው ጋ ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው። አሁንም ለቅሶ ተቀምጧል ወይ አሉ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ለቅሶ ልደርሰው ይገባል።»

የሞቱት እኮ እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

«ታዲያ እኔ ካልደረስኩለት ማን ሊደርስለት ነው?» አሉኝ። «ዘመድ ናችሁ ብለው አይደል ያለያዩን? ዘመድ ለቅሶ ሲደርስ ማን ይከለክላል?»

ከዚያ ወዲህ የሚመልሳቸው ጠፋ። ዓለም ከተማና የእርስዎ መንዝ ከገደል ወዲህና ወዲያ ናቸው፣ መኪናው ግን በአዲስ አበባ ዞሮ ነው የሚሄደው ብላቸው፣ ይዙር አሉ። በዚህ ዕድሜዎ ብላቸው፣ በዚያ ዕድሜዬማ አልተፈቀደልኝም አሉ። ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አጣጥፈው አስቀምጠዋል። እኔ ግን እፈራለሁ። ልባቸውን እፈራለሁ፣ የመንገዱን ፍተሻና ሁካታ እፈራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የትምወርቅን እፈራለሁ፤ ደጃፍ ላይ ብትመልሳቸው ምን ይሆናሉ?

እኔ ሥራ ስላለብኝ ከአዲስ አበባ ማለፍ አልችልም። ከዚያ ወዲያ አረጋሽ ታደርስልኛለች። በድንገት አይተዋቸው ልብዎ እንዳይደነግጥ ይህን ደብዳቤ ቀድሞ ለሚሄድ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እባክዎን ለልጅዎ አስቀድመው ይንገሯት።

እስከዳር


ቀየት፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ እስከዳር፤

ደርሰው ይሆን፣ ምን ገጠማቸው እያልሽ በተከታታይ የላክሽልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። ለቅሶ የደረሰችኝ ዘመዴ በደህና ገብታለች። ያ ሾፌርሽ ግን ደብዳቤሽን ያመጣው ትናንት ነው፤ በመንገድ ጎማ ፈነዳብኝ ይላል። ስለዚህ ለየትምወርቅም አልነገርኩ፣ ለራሴም አልነገርኩ።

የመጣች ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ጥቂት ጎረቤት አለ። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ዘመድ ለቅሶ ሲደርስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ግጥም ሳይሰጥ አይገባም። ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማሁ። አርጅቷል፣ ይቆራረጣል፣ ግን ዜማው ከጠጉር ፈተላው ነው፤

ዘመድህ ናት ብለው ለያይተውን ነበር፣
ዘመድ ነኝ ክፈተው፣ ይኸው ቆምኩኝ ከበር።

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ አማተበች። ልጄ ወይ ብዬ ብጣራ የትምወርቅ ቆማ ታየኛለች። እንዲያ ስታየኝ፣ ይህች ልጅ አሁን በሩን ትታ ወደ ጓዳ ብትገባ አልፈርድባትም አልኩ። እሷ ግን መቀነቷን አጠበቀችና ሄዳ ከፈተች። ሸዋረጋን አይታት «እርስዎ ነዎት?» አለቻት። ከዚያ እጇን ይዛ አስገባቻት፤ እናቷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሳይሆን ከቦታው ጎን አስቀመጠቻት። የሁሉን ልክ ታውቃለች የእኔ ልጅ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችኝ ሸዋረጋ።

እኔም «እናንተንም አያሳጣን» አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል? ሰዉ ሳቅ አምልጦት በነጠላው አፉን ሸፈነ። እኛ ግን አለቀስን። ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ለየትምወርቅ እናትም አለቀስን፤ ያን ጊዜ የትምወርቅ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

ስለ ጤናዋ ለጠየቅሽኝ፣ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፤ የትምወርቅ ናት የምታስታውሳት። የተወጠረውን ባና ዳብሳ፣ ይህን ክር የፈተለው ማን ነው፣ ቋጠሮ ብቻ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ እንዝርቱን ይዛ ትውላለች፣ እኔም ወደ ሽመናዬ ተመልሻለሁ። በሐዘን ቤት ሥራ አይጀመርም የሚል ሰው ነበር፤ ሟች ራሷ ከፈተለችልኝ ምን ይደረግ አልኩት።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ አረጋሽ የነገረችሽን የደጃፉን ግጥም ዘፈኑ ውስጥ ላስገባው ወይ ብለሻል። ተራው የሷ ነውና እሷን ጠየቅኋት። «እኔ መልሻለሁ። እሱ ገና አልመለሰልኝም። ምኑ ይቀዳል?» አለች። እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የሷን መልስ ስጠብቅ የራሴን አላሰብኩበትም። አሁን መወርወሪያውን እየወረወርኩ ቃል እፈልጋለሁ፣ አይመጣልኝም፣ ያልበኛል። እሷ ከጎን ሆና እየፈተለች ትጠብቃለች። እንደማትቸኩል አይቻለሁ።

መንገዱስ፣ እማማን መቼ ልቀበላቸው ላልሽኝ፣ ዝናቡ ገብቷል። ስለ መንገዱ የምታውቀው አረጋሽ ናትና እሷን ጠይቂያት። እኔ ሸዋረጋ ከመጣች ወዲህ ተከፈተ ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

አባትሽ መኳንንት